ዕርቅ ከሞት በፊት
የሐዘን ቴአትር የሚነበበው ለማልቀስ ብቻ አይደለም፤ ጥፋቱ ከየት እንደ ተነሣ ለመመርመር ነው። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. ወደ አማርኛ የመለሱት የሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልዬት» ለዚህ ምስክር ነው። ጠቡ በአሽከሮች ስድብ ይጀመራል። ደራሲው የልጆቹን ሞት አስቀድሞ በመቅድሙ ስለ ነገረ፥ ተመልካቹ የሚጠይቀው ማን ሊያድናቸው ይችል እንደ ነበረ ነው። መስፍኑ ሁከቱን ቸል በማለቱ ዘመዶቹን አጣ፤ ይህንኑም በመጨረሻ ራሱ ይናዘዛል። መነኵሴው ዕርቅን ቢመኝም ጋብቻውን ሰወረ፤ መልእክቱም በወረርሽኝ ምክንያት ሳይደርስ ቀረ። አባቶቹ የታረቁት በልጆቻቸው ሬሳ ላይ ነው። ሽማግሌ ደም በሚያደርቅባት በዳንግላ ይህን የሚያስተምር መምህር ትርጓሜውን ከሩቅ አይፈልግም። ሹምና ካህንም ከተማሪው ጋራ ሊያነቡት ይገባል፤ ከሞት በኋላ የመጣ ዕርቅ ሟችን አያስነሣምና።