ከሳሎኑ በፊት ሽቦው

በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ቤት ገዝተን ከገባን ወገኖች ብዙዎቻችን የተረከብነው የሌላ ሰው እርጅና ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተሠሩት የጡብ ቤቶች፣ በአሌክሳንድሪያም ከእነሱ የሚበልጡት ቤቶች ከውጭ ሲያዩአቸው ደህና ናቸው። ጉዱ ያለው ከውስጥ ነው።

የእኔ ቤት በ1948 የተሠራ ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ለእድሳቱ የነበረኝ ከእቁብ የደረሰኝ 9,000 ዶላር ብቻ ነበር። ባለቤቴ የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን ይለወጥ አለች። አማቴ ደግሞ «እንግዳ የሚያርፍበት ሳሎን ሳይቀድም?» አሉ። እኔ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ይቅደም አልኩ። ሽቦን እንግዳ አያየውም፣ ማንም እንኳን ደስ ያላችሁ አይልበትም፤ ቢሆንም ተከራክሬ ረታሁ።

ያስረታኝ ምጣዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ወደ 1,500 ዋት ይፈጃል። በዚህ አገር 120 ቮልት ይህ 12 አምፔር ተኩል ማለት ነው። በድሮ ወጥ ቤት ደግሞ ያለው መስመር 15 አምፔር ብቻ፣ በዚያውም ላይ ማቀዝቀዣው የተሰካበት ሆኖ ይገኛል። ሊጡ ገና ሳያልቅ ብሬከሩ የሚወርደው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ሰው ይሰለቸውና የ15ቱን ብሬከር ነቅሎ የ20 ይተካል። ከዚህ የከፋ ሥራ የለም። ብሬከሩ የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነውና፣ ቀጭኑ ሽቦ ሲግል የሚያቋርጥለት አይኖርም። እኛ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሲያን ለምጣዱ ብቻ የሚሆን የ20 አምፔር መስመር ከነወፍራም ሽቦው አስገባን። በዚያው እንፋሎቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያም ተሠራ። ጭሱን አጣርቶ መልሶ ወደ ቤት የሚለቀው ዓይነት ለእንጀራና ለበርበሬ ቤት አይበጅም፤ ግድግዳው ይረጥባል፣ ቀለሙም ይላጣል።

ስለ ቀለም ካነሳን አይቀር፣ እርሳስ ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ሁሉ ይጠረጠራል፤ በተለይ መስኮቱና በሩ። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባለበት ቤት የድሮ ቀለምን በደረቁ በአሸዋ ወረቀት መፋቅ አቧራውን ለልጁ ማብላት ነው። እያረጠቡ መፋቅ፣ ወለሉን በላስቲክ መሸፈን፣ ልጆቹንም ዘመድ ቤት መላክ ያስፈልጋል። ተከፍሎት እንዲህ ባለ ቤት ቀለም የሚነካ ኮንትራክተር ግን ከ2010 ጀምሮ ለዚህ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ያለው ድርጅት ሊሆን የፌዴራል መንግሥት ያስገድዳል። ሲጠይቁት የሚስቅ ኮንትራክተር ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

የእኛ ሰው ትልቁ ችግር ግን ይሉኝታ ነው። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እትዬ የምንላት ጎረቤታችን መታጠቢያ ቤቷን ለማሳደስ ለአንድ ወገናችን 12,000 ዶላር በጥሬው፣ ያውም በቅድሚያ ሰጠችው። ውል አላችሁ ወይ ስላት «የአገሬ ልጅ ነው፤ ፈርም ብዬ ላሳፍረው?» አለችኝ። ሰውየው የድሮውን ሸክላ ነቅሎ፣ ገንዳውን አውጥቶ፣ ስልኩን አጠፋ። በሜሪላንድ ሕግ ኮንትራክተር በቅድሚያ ከውሉ ዋጋ ከሲሶው በላይ መቀበል አይችልም። ከሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮሚሽን ፈቃድ ያለው ሰው ቢበድልዎ ከኮሚሽኑ የዋስትና ገንዘብ እስከ 30,000 ዶላር ድረስ ካሣ ሊጠየቅበት ይቻላል። ፈቃድ የሌለውን የቀጠረ ግን ከዚያ ገንዘብ ምንም አያገኝም። እትዬም አላገኘችም። ፈቃድ መኖር አለመኖሩን ማጣራት ክፍያ የለውም፤ ቨርጂኒያም የራሷ የፈቃድ መዝገብ አላት።

አሌክሳንድሪያ ኦልድ ታውን ያለ ወዳጄ ደግሞ ሰፈሩ ከ1946 ጀምሮ በታሪካዊነት የተጠበቀ ነው ሲሉት ወጥ ቤቱን መንካት የማይቻል መስሎት ዓመታት ቆየ። የሥነ ሕንፃው ቦርድ የሚመለከተው ከውጭ የሚታየውን ነው፤ የውስጥ ቁም ሣጥን አይመለከተውም። ለሽቦና ለቧንቧ ግን የከተማው ፈቃድ ያስፈልጋል።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ሜሪላንድ ኤድመንስተን ያለው ኮሚዩኒቲ ፎርክሊፍት ከ2005 ጀምሮ ከፈረሱና ከታደሱ ቤቶች የወጣ በር፣ የእቃ ማጠቢያ ገንዳና ቁም ሣጥን ይሸጣል። ሁለት በሮች ከነማጠፊያቸው ያገኘሁት እዚያ ነው። የድሮ ቤት በር ከዛሬው ልክ ጋር ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም የድሮ በር መፈለጉ ይሻላል። ምንጣፉንም ከመለወጥዎ በፊት አንዱን ጥግ ገልጠው ይዩ፤ እኛ ከሥሩ ደህና የኦክ ወለል አገኘን። ቤዝመንት ውስጥ ዘጠኝ ኢንች በዘጠኝ ኢንች የሆነ የድሮ የወለል ንጣፍ ካለ ግን አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አይስበሩት፣ አይፋቁትም። ሳይነኩ በላዩ ሌላ ማንጠፍ ይቻላል፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።