ከሰዓት በኋላ የሚጋገር ግድግዳ

[ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። የተላጠ የብሎኬት ግድግዳ። ድምፅ፦ ባጃጅ ያልፋል።]

ተራኪ፦
ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራ ፊት ለፊት ስትመታው ይህ ግድግዳ እንደ ምጣድ ይግላል። ልስኑ ተሰነጣጥቋል። የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሽና ሌሊት ወደ መኝታ ቤቱ ይተፋዋል።

የቤቱ እመቤት ጥያቄ አጭር ነው፤ ምን ልትከልበት?

አይቪ ጥላ ይወዳል፣ እዚህ ይቃጠላል። ፓሽን ፍሩት ቶሎ ይሸፍናል፤ ግን ውኃ አይጠግብም፣ ዕድሜውም አጭር ነው። በሥሩ እየተለጠፈ የሚወጣው ዓይነት ደግሞ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ልስኑን ይጨርሰዋል።

ቀረ ቡገንቪላ።

[ምስል፦ ሐምራዊ ቡገንቪላ፣ ከቅርብ።]

ሐምራዊው አበባ አይደለም፣ ቅጠል ነው። አበባዋ መሐል ላይ ያለችው ጠባብ ነጭ ቱቦ ነች። የእኛም አገር ተክል አይደለም፤ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ስሙ የመርከብ አዛዥ ስም ነው፤ ሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እ.ኤ.አ. በ1767 የቡገንቪል መርከቦች ሪዮ ዴ ጃኔሮ ደረሱ። የዕፅዋት አጥኚው ፊሊቤር ኮሜርሶን እግሩን ታሞ ነበር። ዳገት የሚወጣለት፣ ተክል የሚሸከምለት ዣን የሚባል ረዳት ነበረው። ረዳቱ ሴት ነበረች፤ ዣን ባሬ፣ የገበሬ ልጅ። በፈረንሳይ የባሕር ኃይል መርከብ ሴት መሳፈር ክልክል ስለነበር ወንድ መስላ ገባች። የወንዱም የሴቱም ስም በእኛ ፊደል አንድ ሆኖ መጻፉ ይገርመኛል፤ ፊደላችን እንኳ ደብቋታል። ኮሜርሶን እንደ ጭነት ከብቱ ይቆጥራት እንደነበር ተጽፏል። ይህን ተክል ከቁጥቋጦው የቆረጠችው እሷ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ታሂቲ ላይ ማንነቷ ወጣ። ቢሆንም ዓለምን በመዞር የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቃች።

[ምስል፦ የዣን ባሬ ሥዕል።]

የመርከበኛ ልብስ ለብሳ፣ ተክል ታቅፋ የምታዩዋት እሷ ነች። በዚህ ሥዕል መልኳን አትመኑ። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው፤ ሥዕሉ የተሣለው ከዓመታት በኋላ። በኮሜርሶን ስም ከ70 በላይ ዝርያዎች ተሰይመዋል። ለእሷ አንድ የተሰየመላት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ እሱም የድንችና የቲማቲም ዘመድ የሆነ ተክል። ቡገንቪላን ባየሁ ቁጥር አሁን የአዛዡን ስም መጥራት ይተናነቀኛል።

[ምስል፦ ወደ ግድግዳው መመለስ።]

ሥራው ቀላል ነው። ቡገንቪላ ራሱ ግድግዳ አይቧጥጥም፣ በእሾሁ ይንጠላጠላል፤ ስለዚህ ሽቦ ይወጠርለት፣ ከግድግዳውም ትንሽ ይራቅ፣ አየር ይለፍበት። ሥር እስኪይዝ ይጠጣ። ከዚያ በኋላ ውኃ ከበዛበት ቅጠል እንጂ ቀለም አይሰጥም። እሾሁን ልጆች ከሚሮጡበት መንገድ አርቁ።

በፕሮግራሙ መጨረሻ የተሸፈነውን ግድግዳ ልናሳያችሁ አስበን ነበር። ቡገንቪላው ግን ለካሜራ አይቸኩልም። በእጃችን ያለው ምስል ይህ ብቻ ነው፤ አራት መስመር ሽቦ፣ ከሥሩ ከጉልበት የማይበልጥ ቀንበጥ።

[ድምፅ፦ ከጆግ ውኃ ሲፈስ። ሙዚቃ የለም።]