ወንድምሽን ክለብ «ለማስመረጥ» ገንዘብ ከመላክሽ በፊት

እህቴ፣ መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ማታ ነው፤ ሥራ ጨርሰሽ፣ ስልክሽን ቻርጅ ላይ ሰክተሽ ኢሞ ስትከፍቺ። «እታለም፣ ዱባይ ክለብ ተገኝቶልኛል። የቀረኝ ሙከራ ብቻ ነው። ሰውዬው ለቪዛና ለምዝገባ ትንሽ ብር ይፈልጋል» ይልሻል ታናሽ ወንድምሽ። ትንሽ የተባለው ብር ሲሰላ የአንቺ የሦስት ወር ደሞዝ ነው። ልጁ ደግሞ ውሸታም አይደለም። ኳስ ይችላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርለታል። ከሰውዬው ጋር የተነሳውንም ፎቶ ልኮልሻል። እምቢ ብትዪ ዕድሉን የዘጋሽበት አንቺ ልትሆኚ ነው። እሺ ብትዪ ደግሞ ለእናትሽ ቤት ማደሻ ያስቀመጥሽው ገንዘብ ሄደ።

መልስ ከመስጠትሽ በፊት አንድ ነገር እንይ፤ ክለቦች ወጣት ተጫዋች የሚመርጡት እንዴት ነው?

የመምረጡ ሥራ ከላይ እስከ ታች በደንብ ተጽፎ የተቀመጠበት ቦታ ቢኖር የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ ነው። ማዳም ልጆቹን ዱባይ ሞል ስትወስድ አብረሽ ሄደሽ ከሆነ፣ እታች ልጆች የሚንሸራተቱበትን የበረዶ ሜዳ ሳታዪው አልቀረሽም። ሆኪ እንደዚያ ባለ ሜዳ ላይ፣ በቆልማማ ዱላ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ እየገፉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ሊጉ በአሜሪካና በካናዳ 32 ክለቦች አሉት። ክለቦቹ በዓመት አንድ ጊዜ 18 ዓመት የሞላቸውንና ትንሽ ከፍ ያሉትን ወጣቶች ስም ይዘው በተራ በተራ ይመርጣሉ። ስሙ ድራፍት ይባላል። የአዲስ አበባው ድራፍት ትዝ ካለሽ ይቅር ይበልሽ፤ ይሄኛው አይጠጣም።

የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 በሞንትሪያል ከተማ ነው። ዛሬ ሰባት ዙር አለው። በየዙሩ 32 ምርጫ ስለሚደረግ በአንድ ዓመት 224 ወጣቶች ስማቸው ይጠራል። ተራው የሚያዘው ከታች ወደ ላይ ነው፤ በውድድር ዘመኑ ደካማ የነበረው ክለብ ቀድሞ ይመርጣል፣ ዋንጫ የበላው መጨረሻ ላይ ይሰለፋል። ሐሳቡ ጉልበተኛው ሁሉንም ጎበዝ እንዳይሰበስብ ነው። ታዲያ ሰው ሰው ነውና፣ አንደኛ ተራ ለማግኘት ሆን ብሎ የሚሸነፍ እንዳይኖር ብለው ከላይ ያሉትን ተራዎች በዕጣ አደረጉት። የመጨረሻው ክለብ በዕጣው የተሻለ ዕድል አለው እንጂ አንደኛነቱ የተረጋገጠ አይደለም።

ከዚያ ቀን በፊት የሚደረገውን ልብ በዪ። ክለቦቹ መልማዮች ቀጥረው በካናዳ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድ ትናንሽ ከተሞች ያዞሯቸዋል። መልማዩ አንዱን ልጅ ደጋግሞ ያየዋል፤ ሲያሸንፍም፣ ሲሸነፍም፣ ተናዶ ዱላውን ሲወረውርም። የአውሮፕላኑንም የሆቴሉንም የሚከፍለው ክለቡ ነው። እርግጥ ነው፣ ሆኪ የድሃ ስፖርት አይደለም። ወላጆች ለጫማውና ለሜዳው ኪራይ ከልጅነቱ ጀምሮ ብዙ ያወጣሉ። በድራፍት ለመመረጥ ተብሎ ግን ልጁ ለማንም አንድ ሳንቲም አይከፍልም።

ክፉ ጎንም አለው። ልጁ የሚሄድበትን ከተማ አይመርጥም። የመረጠው ክለብ መብቱን ይይዛል፤ በዚያ ሊግ ውስጥ ከሌላ ክለብ ጋር መደራደር አይችልም። በ18 ዓመቱ ከፈረመ የመጀመሪያ ውሉ የሦስት ዓመት ነው፤ የደሞዙም ጣሪያ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ይህን ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልግም። ፎቶሽና ፎርምሽ ኤጀንሲ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ አሠሪ እየገለጠ «ይቺኛዋ ትሁን» ሲል ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ደግሞ መመረጥ መጫወት አይደለም። ስማቸው ተጠርቶ፣ የክለቡን ማልያ ለብሰው ፎቶ ተነስተው፣ አንድም ቀን በሊጉ ሳይሰለፉ የሚቀሩት ብዙ ናቸው።

በአሜሪካ የእግር ኳስ ሊግም ተመሳሳይ ድራፍት አለ፤ እዚያ ደግሞ የእኛ ልጅ አልፏል። ፉአድ ኢብራሂም ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ሚኒሶታ የሆኪ አገር ናት፤ እሱ ግን የድሬ ልጅ ነውና ኳሱን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤፍሲ ዳላስ ሲመርጠው ገና 15 ዓመቱ ነበር። በኋላ ወደ ቶሮንቶ ተዛወረ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዋልያዎቹ ስብስብ ውስጥ ነበር። በ15 ዓመቱ ሲመረጥ የተጠበቀውን ያህል ግን በሊጉ አልገነነም፤ ኋላ ላይ ወደ ትናንሽ ክለቦች ነው የሄደው። ወንድምሽ «ከተመረጥኩ አለቀ» ሲልሽ ይህን ንገሪው። ሌላም ጨምሪበት፦ ፉአድን ደላላ አልወሰደውም። እዚያው እያደገ፣ እዚያው ሲጫወት ነው ያዩት።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በዕረፍት ቀንሽ በሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ ሰዉ ሰናዒያ በሚለው በኩል ካለፍሽ፣ በጋራዡና በመጋዘኑ መካከል ባገኙት ባዶ አሸዋ ላይ ክሪኬት የሚጫወቱ የፓኪስታን፣ የሕንድና የባንግላዴሽ ወንድሞች ታያለሽ። ኳሷ በኤሌክትሪክ ፕላስተር የተጠቀለለች የቴኒስ ኳስ ናት። ዝነኛው የሻርጃ ክሪኬት ስታዲየም ያለው እዚያው፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ 5 ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በኤምሬትስ አዲስ የክሪኬት ሊግ በስድስት ቡድኖች ተጀመረ፤ አንዱ ሻርጃ ዋሪየርስ ነው። ደንቡ እያንዳንዱ ቡድን ሜዳ ሲገባ ቢያንስ ሁለት የኤምሬትስ ተጫዋቾች እንዲያሰልፍ ያስገድድ ነበር። ስለዚህ ቡድኖቹ እዚሁ አገር ውስጥ መፈለግ ነበረባቸው። ሻርጃ ዋሪየርስ ካገኛቸው አንዱ ሙሐመድ ጃዋዱላህ ነው፤ ከፓኪስታን መጥቶ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ይተዳደር የነበረ ግራኝ ወርዋሪ። በዚያው ዓመት ለኤምሬትስ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። ክሪኬት ለስደተኛ በሩን የሚከፍተው ሕጉ ስለሚፈቅድ ነው፤ ሦስት ዓመት የኖረበትን አገር ወክሎ መጫወት ይቻላል። እሱም ቢሆን ወደዚህ የመጣው በሥራ ቪዛ፣ ለሥራ ነው። «ሙከራ» ብሎ ማንም አላስመጣውም።

የወንድምሽ ጉዳይ ግን እግር ኳስ ነው፤ የእግር ኳስ ሕግ ደግሞ ጠበቅ ይላል። መጀመሪያ ዕድሜውን ጠይቂ። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ከቀየሩ። በደላላ ተወስዶ ብቻውን የሚመጣ የ16 ዓመት ልጅ ከእነዚህ ውስጥ የለም። «ፓስፖርቱ ላይ ዕድሜው ይስተካከላል» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ስልኩን ዝጊው።

18 ዓመት ከሞላው ደግሞ ወረቀቱ የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው። የሚፈልገው ክለብ ከልጁ ክለብ ጋር ይነጋገራል፤ ከዚያ የዝውውር ሰርተፍኬቱን የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለተቀባዩ አገር ፌዴሬሽን ይልካል። አቡበከር ናስር እ.ኤ.አ. በ2022 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የሄደው ሁለቱ ክለቦች ተስማምተው ነው። ከዚያ በፊት በአንድ የሊግ ዘመን 29 ጎል አስቆጥሮ አገር አይቶታል። ፌዴሬሽኑ የማያውቀው ዝውውር የለም። ወኪል ነኝ የሚለው ሰው የፊፋ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስም ፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። የእውነተኛ ወኪል ገቢም ተጫዋቹ ከሚያገኘው ደሞዝ የሚታሰብ ፐርሰንት ነው። ደሞዝ ሳይኖር አንቺን የሚያስከፍልሽ ከሆነ፣ ፐርሰንቱ ከምን ላይ ነው የሚታሰበው?

ደላላው ሩጫን ካነሳ ደግሞ ምሳሌ አያጣም። ለባሕሬን የሮጠችው ማርያም ዩሱፍ ጀማል የእኛዋ ዘነበች ቶላ ናት፤ በ1500 ሜትር ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ አሊያ ሰዒድ በ2014 የእስያ ጨዋታዎች በ10,000 ሜትር ለኤምሬትስ ወርቅ አምጥታለች። ግን በሩ ከዚያ ወዲህ ጠብቧል። ከ2018 ጀምሮ ከ20 ዓመት በታች ያለ ሯጭ አገር መቀየር አይችልም፤ ከዚያ በላይ የሆነውም ሦስት ዓመት ይጠብቃል። «በስድስት ወር ለኤምሬትስ ትሮጣለች» ብሎ ነገር የለም።

ገንዘቡ ብቻ ቢጠፋ አንድ ነገር ነው። ልጁ በጉብኝት ቪዛ ይመጣና «ክለቡ» ለአንድ ሳምንት የተከራዩት ሜዳ ይሆናል። ከዚያ ስልኩ አይነሳም። በጉብኝት ቪዛ መሥራት አይችልም፤ ቪዛው ካለፈበት በቀን 50 ድርሃም ይቆጠርበታል። ማደሪያውም ምግቡም ያንቺ ዕዳ ነው፤ አንቺ ደግሞ ማዳም ቤት ወንድምሽን ልታስገቢ አትችዪም። በሌላ አገርም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቢቢሲ እንደዘገበው፣ 23 ለአቅመ አዳም ያልደረሱ የምዕራብ አፍሪካ ልጆች «አካዳሚ» ተብለው እስከ ላኦስ ተወስደዋል።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ያንቺም ሕግ ይኸው ነው። የ2022ቱ የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 ኤጀንሲ ከሠራተኛዋ ኮሚሽን እንዳይቀበል ይከለክላል። የሚከፍለው ሠራተኛ የፈለገው አሠሪ ነው።

ለወንድምሽ አገር ቤት መንገድ አለው። ለሩጫ አሰላ ላይ ጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አለ፤ ሁለቱም የመንግሥት ናቸው። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራው የበቆጂው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ለኳስ ደግሞ ክለቦች የታዳጊና የወጣት ቡድን አላቸው። ጥሩ ጫማና እዚያ የሚያደርሰው የአውቶቡስ ብር ብትልኪለት የሦስት ወር ደሞዝ አይፈጅብሽም።

ዛሬ ማታ ግን መልስ እየጠበቀሽ ነው። ሳትቆጪው እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ጎበዝ፣ ደስ ብሎኛል። ክለቡ የጻፈውን ደብዳቤ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የሰውዬውንም ሙሉ ስም። ፌዴሬሽን ሄደህ ጠይቅና የነገሩህን ንገረኝ። ቲኬቱን ክለቡ ይቁረጥ።» ሰውዬው «ቶሎ ካልላካችሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል» ካለ፣ ይስጠው።