ስም ይቆያል፣ ዘመን ይፈትናል፦ የቦርዶ ታላላቅ ቀይ የወይን ጠጆች እንዴት ይነጻጸራሉ?

አንድን የወይን ጠጅ ታላቅ የሚያሰኘው ምንድን ነው? መሬቱ ነው፣ የዓመቱ አየር ነው ወይስ የአምራቹ እጅ? በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የምትገኘው ቦርዶ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ትመቻለች። የታወቁት እርሻዎቿ በደረጃ ተመዝግበዋል፤ ምርታቸውም ዘመኑ በጠርሙሱ ላይ ተጽፎበት ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። በመሆኑም ሃምሳና ስድሳ ዓመት የቆየ ምርት ዛሬ ተከፍቶ ከጎረቤቱ ጋር ሊመዘን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1855 ጀምሮ የጸና መዝገብ

በ1855 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ነበር። በወቅቱ ንጉሠ ነገሥት ሦስተኛው ናፖሊዮን ዘመን ለኤግዚቢሽኑ የሚቀርቡት የቦርዶ የወይን ጠጆች በደረጃ እንዲመደቡ ተጠየቀ። ሥራውን ያከናወኑት የአካባቢው የወይን ጠጅ ደላሎች ሲሆኑ፣ ዋነኛ መመዘኛቸው እያንዳንዱ እርሻ ለዓመታት በገበያ ያወጣው ዋጋ ነበር። ወደ 60 የሚጠጉ የቀይ ወይን ጠጅ አምራቾች በአምስት ደረጃዎች ተከፈሉ። አንደኛውን ደረጃ ያገኙት አራት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ እና ኦ ብሪዮን ይባላሉ። በስማቸው ፊት የሚቀመጠው “ሻቶ” የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ ቤተ መንግሥት ወይም ግንብ ማለት ሲሆን፣ በቦርዶ ግን እርሻውንና ማምረቻውን በአንድነት ያመለክታል።

ይህ መዝገብ እስከ ዛሬ ድረስ በእጅጉ አልተለወጠም። ጎልቶ የሚታወቀው ለውጥ በ1973 የተደረገው ነው። በዚያ ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ተመድቦ የነበረው ሙቶን ሮትሺልድ፣ በኋላ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት በሆኑት በወቅቱ የግብርና ሚኒስትር ዣክ ሺራክ ፊርማ ወደ አንደኛ ደረጃ ከፍ ብሏል። ፖምሮል የተባለው አካባቢ ደግሞ በ1855ቱ መዝገብ አልተካተተም፤ እስከ ዛሬም የራሱ ደረጃ የለውም። ሆኖም በዚያ የሚገኘው ፔትሩስ በዓለም ውድ ከሆኑት የወይን ጠጆች አንዱ ነው። ደረጃ ለገበያ መነሻ ይሆናል እንጂ የመጨረሻ ፍርድ እንዳልሆነ ይህ ብቻውን ያመለክታል።

ሁለት የንጽጽር መንገዶች

ቀማሾች አሮጌ የወይን ጠጆችን በሁለት መንገድ ያነጻጽራሉ። የመጀመሪያው የአንድን ዓመት ምርት ከልዩ ልዩ እርሻዎች አሰባስቦ ጎን ለጎን መቅመስ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ዝናብና ፀሐይ ስላገኙ፣ የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው ከመሬቱና ከአምራቹ የመጣ ነው። ሁለተኛው የአንድን እርሻ የብዙ ዓመታት ምርት በቅደም ተከተል መቅመስ ነው። እዚህ ላይ መሬቱ አንድ በመሆኑ፣ የየዓመቱ አየርና የአያያዙ መለዋወጥ ይገለጣል። ስሙ ፍርዱን እንዳያዛባ ጠርሙሶቹ ተሸፍነው የሚቀርቡበት ጊዜም አለ።

የመሬቱ ልዩነት ተጨባጭ ነው። ከጂሮንድ ወንዝ በስተግራ ያለው የሜዶክ መሬት ጠጠር ይበዛዋል። ጠጠሩ ውኃ አይቋጥርም፤ ቀን ያገኘውንም ሙቀት ይይዛል። በመሆኑም ዘግይቶ ለሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን ለተባለው የወይን ዝርያ ይስማማል። ፖምሮልና ሴንት ኤሚልዮን በሚገኙበት በቀኝ በኩል ግን ሸክላማና የኖራ ድንጋይ ያለበት አፈር ስለሚበዛ፣ ቀድሞ የሚበስለው ሜርሎ የተባለው ዝርያ በስፋት ይተከላል።

ዓመቱ የወሰነው

በቦርዶ ገበሬውን እንቅልፍ የሚነሣው በፀደይ የሚመጣው ውርጭና በአጨዳ ሰሞን የሚጥለው ዝናብ ነው። በ1945 ውርጭ ቡቃያውን ክፉኛ መታው። የተረፈው ጥቂት ፍሬ ግን ሞቃትና ደረቅ በጋ አግኝቶ በሚገባ በሰለ። ምርቱ ትንሽ፣ ጥራቱ ግን እጅግ ከፍተኛ ሆነ። ሙቶን ሮትሺልድም የጦርነቱን ማብቃት ለማሰብ በዚያ ዓመት ጠርሙሶቹ ላይ የድል ምልክት አተመ። በ1961ም ታሪኩ ተመሳሳይ ነበር፤ ምርቱ ቢያንስም ዘመኑ ከምዕተ ዓመቱ ምርጦች ጋር ተቆጠረ።

በ1947 የነበረው ሙቀት ሌላ ፈተና አመጣ። የሴንት ኤሚልዮኑ ሸቫል ብላን በዚያ ዓመት ያወጣው ወይን ጠጅ አልኮሉ የበረታ፣ ጥቂት ስኳር የቀረበት፣ ወደ ኮምጣጤነትም ያዘነበለ ነበር። በባለሙያ መለኪያ እንደ ጉድለት የሚቆጠረው ይህ ሁሉ ቢኖርበትም፣ እስከ ዛሬ ስማቸው ከሚነሣ ድንቅ ምርቶች አንዱ ነው። በአንጻሩ 1963፣ 1965 እና 1968 የዝናብና የብስባሴ ዓመታት ስለነበሩ የታላላቆቹ ስም ብቻውን አላዳናቸውም። በየካቲት 1956 የወረደው ብርቱ ብርድ ደግሞ በተለይ በቀኝ በኩል ባሉት እርሻዎች ብዙ የወይን ተክል ገደለ፤ ገበሬዎቹም እንደገና ለመትከልና ፍሬውን ለዓመታት ለመጠበቅ ተገደዱ።

ደረጃውን ያሳፈረና ያስመለሰ እጅ

የማርጎ መንደር ሁለት ጎረቤታሞች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሻቶ ማርጎ የአንደኛ ደረጃ ባለቤት ሲሆን፣ ሻቶ ፓልሜር በ1855 የተመዘገበው በሦስተኛ ደረጃ ነው። ይሁን እንጂ የፓልሜር የ1961 ምርት ከዘመኑ ምርጦች ጋር የሚሰለፍና ከብዙ አንደኛ ደረጃዎች የሚልቅ ተብሎ ይወደሳል። ሻቶ ማርጎ በአንጻሩ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከስሙ በታች የሆነ ምርት ሲያወጣ ነበር። ደረጃው በመዝገብ ላይ አልተነካም፤ በብርጭቆ ውስጥ ግን ወርዶ ነበር።

በ1977 የግሪክ ተወላጁ አንድሬ ሜንትዘሎፑሎስ እርሻውን ገዙ። የውኃ ማፋሰሻው ታደሰ፣ ያረጀው ተክል በአዲስ ተተካ፣ ለበርሜሎችም ገንዘብ ወጣ። የዘመኑ ታዋቂ ባለሙያ ኤሚል ፔይኖ አማካሪ ሆኑ። የ1978 ምርት የማርጎ መመለሻ ተብሎ ይጠቀሳል። መሬቱ ያው ነበር፤ የተለወጠው አያያዙ ነው።

ላቱር ደግሞ በደካማ ዓመታት ሳይቀር የተሻለ ምርት በማውጣት ይታወቃል። በሚያዝያ 1991 ውርጭ ቦርዶን ሲመታ፣ ወደ ጂሮንድ የቀረቡት ማሳዎች የውኃው ሙቀት ጋርዷቸው ጉዳታቸው ቀለል ብሏል፤ ላቱርም ከእነርሱ አንዱ ነበር።

ጠርሙሱም ታሪክ አለው

አሮጌ የወይን ጠጅ ሲመዘን ከእርሻው የወጣበት ብቻ ሳይሆን የኖረበትም ቦታ ይታያል። አዲስ ቀይ የወይን ጠጅ ከፍሬው ልጣጭና ዘር የመጣ፣ አፍ የሚያኮማትር ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ይህ ከዓመታት በኋላ ተያይዞ በጠርሙሱ ግርጌ አተላ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጣዕሙም ይለዝባል። ለዚህ ግን ጨለማ፣ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋ የማይለዋወጥ ቅዝቃዜና ቡሹን የማያደርቅ እርጥበት ያስፈልጋል። በሞቃት ክፍል የከረመ ታላቅ ስም፣ በጥሩ ምድር ቤት ከኖረ መካከለኛ ስም ሊያንስ ይችላል። የፈሳሹ መጠን ከጠርሙሱ አንገት በታች ብዙ ወርዶ ከሆነ፣ አየር መግባቱን ስለሚጠቁም ገዢዎች ይህን አስቀድመው ይመለከታሉ።

ዋጋው ከፍ ሲል ማጭበርበርም ይከተላል። አንዱ መመርመሪያ ሲዝየም 137 የተባለው ንጥረ ነገር ነው። በተፈጥሮ የሌለና ከኑክሌር ፍንዳታዎች በኋላ በአየር የተሰራጨ በመሆኑ፣ ከ1945 በፊት በተመረተ የወይን ጠጅ ውስጥ አይገኝም። ባለሙያዎች ጠርሙሱን ሳይከፍቱ ጨረሩን በመለካት ሐሰተኛውን “አሮጌ” ሊለዩ ይችላሉ።

የቦርዶ ልምድ ለሀገራችንም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። መነሻውን ቦርዶ ያደረገው ካስቴል የተባለው ኩባንያ በዝዋይ አካባቢ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞንን ጨምሮ የወይን ዝርያዎችን ተክሎ የወይን ጠጅ ያመርታል። ዝርያው ከሩቅ ሊመጣ ይችላል፤ አፈሩና አየሩ ግን የስምጥ ሸለቆው ነው።

ከአሮጌዎቹ ጠርሙሶች የሚገኘው ትምህርት ታዲያ ግልጽ ነው። የ1855ቱ መዝገብ ገዢው ስንት እንደሚከፍል ይነግራል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ለማወቅ ግን መሬቱን፣ የምርት ዘመኑን፣ በዚያ ዓመት እርሻውን የያዘውን እጅና ጠርሙሱ የከረመበትን ቦታ አንድ በአንድ መጠየቅ ያስፈልጋል።