ሮዟ ድቡልቡል እንጉዳይ ናት?

በበሰበሰ ግንድ ላይ ሮዝ ድቡልቡሎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ትንሿ 3 ሚሊ ሜትር፣ ትልቋ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። እንጉዳይ ናቸው ቢሉ አይፈረድብዎትም። ታላቁ የተፈጥሮ ሊቅ ሊንየስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1753 ሲረግጡት ብናኝ ከሚተፋው እንጉዳይ ወገን ደምሯቸው ነበር። ዛሬ ላይኮጋላ የሚባል የራሳቸው ወገን አላቸው፤ እንጉዳይ ሳይሆኑ ስላይም ሞልድ ከሚባሉት ፍጥረታት ይመደባሉ።

ላይኮጋላ አብዛኛውን ዕድሜዋን የምታሳልፈው በዓይን በማይታይ መልክ ነው። ስትጀምር ባለ አንድ ሕዋስ ናት፤ ባክቴሪያ እየበላች ትኖራለች። በኋላ አድጋ፣ ብዙ ኒውክለስ ያለው አንድ ዝልግልግ አካል ሆና በበሰበሰው እንጨት ውስጥ ትንቀሳቀሳለች። ዘር የምትበትንበት ጊዜ ሲደርስ ወደ ላይ ትወጣና ትድቦለቦላለች። እኛ የምናየው ይህን መጨረሻዋን ብቻ ነው።

ታዲያ ከብናኝ ተፊው እንጉዳይ በምን ትለያለች? በቀለም እንዳይሉ፤ ሮዟ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግራጫ ወይም ቡናማ ስለምትሆን፣ ቀለም ያመነ ሰው አንዷን ሁለት ያደርጋታል። ይልቅ በስንጥር ይጫኗት። ለጋ ከሆነች እንደ ጥርስ ሳሙና ያለ ወፍራም ሮዝ ነገር ይወጣታል። የለጋው እንጉዳይ ውስጥ ግን ነጭና ጠጣር ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ መለያ አላውቅም።

የደረሰችው ታስቸግራለች፤ እሷም እንደ እንጉዳዩ ብናኝ ትተፋለች። ያኔ ነጭ ወረቀት ላይ ያራግፏት። የላይኮጋላ ብናኝ ግራጫ ወይም ደብዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ቆዳዋ ላይም ጥቃቅን እብጠቶች አሉ። ብናኙ ቡናማ፣ አካሉም ብዙ ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ከሆነ ሬቲኩላሪያ የምትባለውን ዘመዷን ይጠርጥሩ። ቱቢፌራ ደግሞ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ተጣብቀው የሠሯት ናት። በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው ከላይኮጋላ ብናኝ መሐል የተሸበሸቡ፣ ቅርንጫፍ ያላቸው ቱቦዎች ያገኛል።

ናሙና ለመያዝ የክብሪት ሳጥን ይበቃል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሚናካታ ኩማጉሱ እ.ኤ.አ. በ1929 ለንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ 110 የስላይም ሞልድ ናሙናዎች ያበረከተው በከረሜላ ካርቶን ነበር።

ከወገን ስሟ ወርደው የዝርያዋን ስም እሰጣለሁ ካሉ ግን ይጠንቀቁ። ለረጅም ዘመን አንድ ዝርያ ትባል የነበረችው ላይኮጋላ ኤፒደንድረም በዘረ መል ሲመረመር ብዙ ዝርያዎች ሆና ተገኝታለች። በስልክ ፎቶ ሥር «ላይኮጋላ» ብሎ ጽፎ ማቆም ትክክለኛው መልስ ነው።