የእጅ ሰዓትን ቀን ያለ ጕዳት ስለ ማስተካከል

ቀንን የሚያሳይ የእጅ ሰዓት ያለው ሰው ሁለት ነገር ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው፥ የሰዓቱ ቀን በስንት ሰዓት እንደሚለወጥ ነው። ሁለተኛውም፥ ቀኑን በእጅ መለወጥ የማይገባበት ጊዜ መቼ እንደ ሆነ ነው። እነዚህን ያላወቀ ሰው ሰዓቱን አስተካክላለሁ ሲል ያበላሸዋል። ከመካነ ብርሃን ተነሥቶ በሰዓት ሠሪ ፍለጋ ወደ ደባርቅ፥ ከዚያም ዳባትን አልፎ እስከ ጐንደር መሄድ ድካሙም ወጪውም ቀላል አይደለምና፥ ጥንቃቄውን አስቀድሞ መማር ይሻላል።

ስለ ሰዓቱ ውስጥ

ያለ ባትሪ የሚሠራ ሰዓት ኃይሉን የሚያገኘው ከተጠቀለለ ሞላ ነው። ሞላው ቀስ በቀስ ሲፈታ ባለጥርስ መንኰራኵሮችን ያዞራል፤ መንኰራኵሮቹም ቈጣሪዎቹን ያዞራሉ። አጭሩ ቈጣሪ ገጹን በ12 ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞራል። ከእርሱ ጋራ የተያያዘ ሌላ መንኰራኵር ግን በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ በእርሱም ላይ አንዲት ትንሽ ጣት አለች። ከገጹ በታች ደግሞ ከ1 እስከ 31 ቍጥር የተጻፈበት፥ 31 ጥርስም ያለው ቀለበት ተቀምጧል። ጣቲቱ በቀን አንድ ጊዜ ደርሳ አንዱን ጥርስ ስትገፋው፥ ቀለበቱ አንድ እርምጃ ይሄድና አዲሱ ቀን በመስኮቱ ይታያል።

ጣቲቱ ይህን ሥራዋን በአንድ ቅጽበት አትፈጽመውም። በብዙ ሰዓቶች አጭሩ ቈጣሪ ገና ወደ 9 ቍጥር ሲደርስ ወደ ጥርሱ መጠጋት ትጀምራለች፤ በ12 ላይ ትገፋዋለች፤ ፈጽማ የምትለቀውም ወደ 3 ሲደርስ ነው። በዚህ መካከል ሰው በመሙያዋ ቀለበቱን በግድ ቢያዞረው፥ ቀለበቱና ጣቲቱ ይጋጫሉ። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ቢጐትቱ ቀንበሩ እንደሚሰበር፥ እንዲሁ ጥርሱ ይጐብጣል ወይም ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ቀኑ በሁለት ቍጥሮች መካከል ይቆማል፤ አንዳንድ ጊዜም ሰዓቱ ራሱ መሄዱን ይተዋል።

ስለ አገራችን የሰዓት አቈጣጠር

ከሰዓት ጋራ የሚመጣው የሠሪዎች ወረቀት ብዙ ጊዜ «ከምሽቱ 9 እስከ ሌሊቱ 3 ቀኑን አትለውጥ» ይላል። ይህ በአውሮፓ አቈጣጠር የተነገረ ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። ነገር ግን ወረቀቱን ወደ አገራችን ሰዓት መመለስ ብቻውን አይበቃም። ጣቲቱ የምትከተለው የሰዓቱን ገጽ እንጂ የሰማዩን ጨለማ አይደለምና። አውሮፓውያን ቀናቸውን ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ስለሚቈጥሩ በዚያ ጊዜ ቈጣሪያቸው በ12 ላይ ነው። እኛ ግን ሰዓትን ከንጋት ጀምረን ስለምንቈጥር፥ ቈጣሪያችን በ12 ላይ የሚሆነው ሲነጋና ሲመሽ ነው። ስለዚህ አደገኛው ጊዜ እንደ ባለቤቱ አሞላል በሦስት ይከፈላል።

1ኛ፤ ሰዓቱ በአውሮፓ አቈጣጠር የተሞላ እንደ ሆነ ቀኑ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይለወጣል፤ አደገኛው ጊዜ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ነው።

2ኛ፤ በእኛ አቈጣጠር ተሞልቶ ቀኑ በንጋት 12 ሰዓት የሚለወጥ እንደ ሆነ፥ አደገኛው ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጧቱ 3 ነው።

3ኛ፤ በእኛ አቈጣጠር ተሞልቶ ቀኑ በምሽት 12 ሰዓት የሚለወጥ እንደ ሆነ፥ አደገኛው ጊዜ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 3 ነው።

በቤተ ክርስቲያን በዓል ከዋዜማው ምሽት ስለሚጀምር ሦስተኛውን የሚመርጥ ሰው ይኖራል። ለትምህርት ቤት ሥራ ግን ሁለተኛው ይመቻል፤ መምህሩ ሲነሣ የዕለቱን ቀን ያገኛልና። ነገር ግን ይህን የመረጠ ሰው ይጠንቀቅ። ሰው ሰዓቱን አይቶ ስሕተቱን ለማረም የሚቸኵለው በጧት ነው፤ ጣቲቱ ጥርሱን ይዛ የምትገኘውም በዚያው በጧት ነው።

ስለ ወሮቻችን

የሰዓቱ ቀለበት 31 ቀን ይቈጥራል። በአውሮፓ አቈጣጠር 31 ያልሞሉ ወሮች አምስት ብቻ ስለሆኑ፥ ቀኑ በዓመት አምስት ጊዜ ይታረማል። የእኛ 12 ወሮች ግን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው፤ ጳጉሜንም 5 ቀን፥ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ቀን ናት፤ በ2015 ዓ.ም. እንደ ነበረው ማለት ነው። ስለዚህ የአገራችንን ቀን የሚከተል ሰው ሰዓቱን በዓመት 13 ጊዜ ማረም አለበት።

ለምሳሌ ጥቅምት 30 ቀን አልፎ ኅዳር 1 ቀን ሲነጋ ሰዓቱ 31 ያሳያል፤ አንድ እርምጃ ማስኬድ ይበቃዋል። መስከረም 1 ቀን ግን ሰዓቱ ጳጉሜን 5ን ተከትሎ 6 ስለሚያሳይ፥ ወደ 1 ለመመለስ 26 እርምጃ ያስፈልጋል። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት 7 ስለሚያሳይ እርምጃው 25 ይሆናል። እንግዲህ ከሌላው ይልቅ አብዝተን የምናርም እኛ ስለሆንን፥ ከሌላው ይልቅ አብዝተን መጠንቀቅ ይገባናል።

ስለ ማስተካከያው ሥርዓት

1ኛ፤ ሰዓቱ ቆሞ ከሆነ አስቀድሞ ይሞላ። በእጅ የሚሞላው ሰዓት መሙያዋ አልዞርም ስትል ይተው፤ በግድ አይጠምዘዝ።

2ኛ፤ መሙያዋ እስከ መጨረሻው ማረፊያ ትሳብና ቈጣሪዎቹ ወደ ፊት ይዙሩ። በመስኮቱ ያለው ቀን ሲለወጥ የቀኑ መለወጫ የሆነው 12 እርሱ ነው። ቀኑ ሳይለወጥ 12 ቢታለፍ፥ ሁለተኛው 12 እስኪደርስ ማዞር ነው።

3ኛ፤ ቈጣሪዎቹ ወደ ፊት እየዞሩ አጭሩ በ6 ቍጥር ላይ ይቁም። በዚህ ስፍራ ጣቲቱ ከጥርሱ የራቀች ናት።

4ኛ፤ መሙያዋ ወደ መካከለኛው ማረፊያ ትመለስና በቀስታ ትዙር፤ በመስኮቱም የትናንቱ ቀን ይምጣ። የዛሬው አይሁን።

5ኛ፤ መሙያዋ እንደ ገና እስከ መጨረሻው ትሳብ። የትናንቱ ቀን ወደ ዛሬው እስኪለወጥ ቈጣሪዎቹ ወደ ፊት ይዙሩ። የተለወጠበት 12 ንጋት ይባል፤ ከዚያም እስከ ትክክለኛው ሰዓት ይሂዱ። ጊዜው ከምሽቱ 2 ሰዓት ቢሆን፥ ቀኑን የማይለውጠውን የምሽቱን 12 አሳልፎ 2 ላይ ማቆም ነው።

6ኛ፤ አቧራና ውኃ እንዳይገባ መሙያዋ ፈጽማ ወደ ውስጥ ትገፋ።

በዚህ ሁሉ ቈጣሪዎቹን የቀኑን መለወጫ አሳልፎ ወደ ኋላ ማዞር አይገባም። መካከለኛ ማረፊያ የሌለው ሰዓትም አለ፤ እርሱ ቈጣሪዎቹን ወደ ፊት በማዞር ብቻ ይታረማል። መስከረም 1 ቀን 26 እርምጃ ለማስኬድ አጭሩን ቈጣሪ 52 ጊዜ ገጹን ማዞር ያስፈልገዋልና ትዕግሥት ይጠይቃል።

በወር መጨረሻ አንድ እርምጃ ብቻ ለማረም ግን ይህ ሁሉ ድካም አያሻም። ሰዓቱ በሁለተኛው አሞላል የተሞላ ከሆነ፥ ኅዳር 1 ቀን ጧት 31 ያየ መምህር እጁን ይሰብስብ፤ እስከ ቀትር፥ እስከ 6 ሰዓት ይታገሥ። ያን ጊዜ መሙያዋን በመካከለኛው ማረፊያ አድርጎ አንድ እርምጃ ቢያስኬድ ይበቃል። ዛሬ አደጋን የሚከለክል መሣሪያ ያለባቸው ሰዓቶች ተሠርተዋል፤ ነገር ግን ከውጭ ሆኖ መለየት ስለማይቻል በሁሉም ሰዓት ይህን ልማድ መያዝ መልካም ነው።

የትምህርት ቤት ደወል በመምህሩ ሰዓት ይደወላል፤ የፈተናና የምዝገባ ቀንም በእርሱ ይታወቃል። ስለዚህ መምህር ተማሪዎቹን ይህን አንድ ቃል ያስጠናቸው፤ ቀን የሚታረመው አጭሩ ቈጣሪ በ6 ላይ ሲሆን ነው።