የጣሳ ወተት ሒሳብ፦ የምንገዛው ስም ነው ወይስ ግራም?

ዛሬ ከቡናና ከበቆሎ ዋጋ ትንሽ ወጣ እንበል። ብንወጣም ከገበያችን አንርቅም፤ የሕፃናት ዱቄት ወተት የሚገባው ቡናችን በሚያመጣው ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ላኪው በብር ሲያገኝ፣ ጣሳ ወተት የሚገዛው ቤተሰብ ከፈለ።

እዚህ መሃል ከተማ ፋርማሲና ሱፐርማርኬት ውስጥ የምታዘበው፣ ብዙ ወላጅ "ውዱ ይሻላል" ብሎ ነው የሚያነሳው። ቡና ላይ ይሄ ያስኬዳል፤ ደረጃው በቅምሻ ይለያል። ጣሳ ወተት ላይ ግን አያስኬድም። ለጤነኛ ሕፃን የሚሠራ ወተት በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣ ኮዴክስ የሚባል ዓለም አቀፍ መስፈርት አለው። ፕሮቲኑ፣ ብረቱ፣ ቫይታሚኑ ተለክቶ ተቀምጧል፤ የተበጠበጠ 100 ሚሊ ሊትር ከ60 እስከ 70 ኪሎ ካሎሪ መያዝ አለበት። ልዩነቱ በአብዛኛው ስምና ማስታወቂያ ነው።

እንግሊዝ አገር ሱፐርማርኬቶች በራሳቸው ስም ርካሽ ወተት ይሸጣሉ። የአገሪቱ የውድድር ተቆጣጣሪ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከታዋቂው ብራንድ ወደ ርካሹ የዞረ ወላጅ በዓመት 300 ፓውንድ ገደማ ይቆጥባል ብሏል። እኛ ጋ መደርደሪያው ላይ ያለው በአብዛኛው ከውጭ የገባ ነው፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው።

እስቲ እንደ ነጋዴ እናስላው። በጣሳ ወተት ብቻ የሚያድግ የ3 እና የ4 ወር ሕፃን በቀን 100 ግራም ገደማ ይጨርሳል። ባለ 400 ግራሙ ጣሳ 4 ቀን ነው፤ በወር 7 ጣሳ ተኩል። በጣሳ የ300 ብር ልዩነት ካለ በወር 2,250 ብር ማለት ነው።

ዋጋውን በጣሳ ሳይሆን በኪሎ ቁጠሩ፤ እህል በጆንያ ብዛት አንገዛም አይደል? ለምሳሌ 400 ግራሙ 1,400 ብር ቢሆን ኪሎው 3,500 ነው። 900 ግራሙ 2,700 ቢሆን ኪሎው 3,000 ነው።

ግን ቁጠባው የማይነካቸው ነገሮች አሉ፦

1. ዱቄቱን መቀነስና ውኃ ማብዛት ቁጠባ አይደለም። ልጁ ሆዱ ይሞላል እንጂ አይመገብም፤ ይቀጭጫል።
2. ኒዶና መሰሎቹ ተራ ዱቄት ወተቶች ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሆኑም።
3. ሐኪም ያዘዘው ልዩ ወተት በርካሽ አይቀየርም።
4. ዕድሜውንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የኮንትሮባንድ ጣሳ ይቅርባችሁ።

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ፦ የጤና ባለሙያዎች ምክር ይሄ ነው። የትኛውም ጣሳ በዋጋም በጥራትም አይደርስበትም።

አሁን ወደ እኛ ሥራ። ከ6 ወር በኋላ ለሚጀመረው ገንፎ የውጭ ካርቶን የግድ አይደለም። ፋፋ ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ትብብር በ1962 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይሄንኑ ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ጥሬ ዕቃው የኛው እህልና ጥራጥሬ ነው። ቤት የሚያዘጋጅም ሁለት ወይም ሦስት እጅ እህል ለአንድ እጅ ጥራጥሬ ይመጥን። አኩሪ አተር ከሆነ በደንብ ይቆላ፤ ጥሬነት ካለው ፕሮቲኑ ለልጁ አይፈጭም።

ዩኒየኖችና ነጋዴዎች፣ ይሄ ገበያ የሚከፈተው ግን በጥራት ነው። ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ ሻጋታ ይይዛል፤ ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም። ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው። የሕፃን ምግብ ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ጭነት ከበር ይመልሳል። በሸራ ላይ ማድረቅ፣ እርጥበት መለካት፣ የተበላሸውን መልቀም፦ ወጪው ትንሽ ነው፣ የሚከፍተው ደንበኛ ግን ቋሚ ነው። ከሁሉም በላይ ገንፎው የሚገባው የሰው ልጅ አፍ ውስጥ ነው።

ልጅ ላለው ወዳጅዎ ያጋሩት። የነገውን የበቆሎና የቡና ዋጋ ጠዋት ይዘን እንመጣለን። መልካም ገበያ!